በረሃ ውስጥ ባለ የአቦርጅናል አርት ሴንተር ሥራ ላገኘሽው እህት

እህቴ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ርቆ የሚገኝ የአቦርጅናል (የአገሩ ነባር ሕዝብ) አርት ሴንተር፣ ማለትም የሥዕል ማዕከል፣ የስቱዲዮ ረዳት አድርጎ ሊቀጥርሽ እንደሆነ፣ ሥዕል ግን እንዳልተማርሽ ጽፈሽ ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቀሻል። ሥዕል አለመማርሽ አያሳስብሽ። የሠዓሊዎቹን ሸራ በብሩሽ መንካት የለብሽም። ያንቺ ሥራ ሸራ መቁረጥ፣ ቀለም መቅዳት፣ ማሸግና ከሁሉም በላይ መመዝገብ ነው።

መጀመሪያ ባለቤቱን እወቂ። እነዚህ ማዕከላት የመንግሥት ቢሮም የነጋዴ ጋለሪም አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው ፓፑንያ ቱላ የተባለው የሥዕል ድርጅትም ሆነ በ1985 ዩንዱሙ በተባለ መንደር የተቋቋመው ዋርሉኩርላንጉ የተባለው ማዕከል የሠዓሊዎቹ ንብረት ናቸው። ቦርዱን ከመካከላቸው ይመርጣሉ፤ ሥራ አስኪያጁ የእነሱ ተቀጣሪ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሸራው ላይ የሥዕሉን ነጥቦች የሚያሳርፉት አሮጊት አለቃሽ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሸራ ከጥቅሉ ስትቆርጪ በየጎኑ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ተዪ። ትርፉ ካነሰ፣ በኋላ ፍሬም ላይ የሚወጥረው ሰው የሥዕሉን ጠርዝ ወደ ጎን ያጥፈዋል። ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) የሌለው ሸራ ከሆነ እሱን ሁለት እጅ ቀቢው፤ ከዚያ ሠዓሊዋ የመረጠችውን መደብ ቀለም፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ቀይ ቡናማ። አክሪሊኩ (በውሃ የሚቀጥነው የሥዕል ቀለም) ወፈረ ብለሽ ውሃ አታብዢበት፤ ማያያዣው ይሳሳና ነጥቡ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይረግፋል። የበረሃ አየር ቀለም ቶሎ ስለሚያደርቅ በትንሽ በትንሹ እየቀዳሽ ዕቃውን ክደኚ። አሸዋና ውሻ አይጠፉም። እርጥብ ነጥብ ላይ አሸዋ ካረፈ አትጥረጊው፣ ይዳምጠዋል፤ በደንብ ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ አራግፊው።

ስታሽጊ ሰፊ ቱቦ ላይ የተቀባውን ፊት ወደ ውጭ አድርገሽ ጠቅልዪ፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ይጨማደዳል። በመሃል የማይጣበቅ ወረቀት ይግባ። ፊኛ ፊኛ ያለው የማሸጊያ ፕላስቲክ ቀለሙን በቀጥታ እንዳይነካ፤ አክሪሊክ በሙቀት ስለሚለሰልስ ክብ ክቡ ታትሞ ይቀራል፣ መድኃኒትም የለውም።

አሁን ወደ መዝገቡ። ሥዕሉ ባለቀበት ቀን ቁጥር ስጪው፣ ከጀርባው ጻፊበት፣ ለኪው፣ ፎቶ አንሺው። የሠዓሊው ስም፣ ርዕሱ፣ የሥዕሉ ታሪክና የየትኛው የአባቶች መሬት ታሪክ እንደሆነ ይግባ። ለነገ ያልሽው ሥዕል ታሪኩን የምትነግርሽ ሰው በነጋታው ለለቅሶ ሌላ መንደር ሄዳ ታገኛለሽ። ዩንዱሙ በሚኖሩት ዋርልፒሪ በሚባሉት ነባር ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ስም ያሳስታል፦ እንደ አባት ስም የሚጻፈው የዝምድና ክፍል ስም ነው። ወንዱ ጃምፒጂንፓ ከሆነ እህቱ ናምፒጂንፓ ናት፣ በመንደሩም ናምፒጂንፓ የሚባሉ ብዙ ሴቶች አሉ። የመጀመሪያ ስምና የትውልድ ዘመን ከሌለ የአንዷ ገንዘብ ለሌላዋ ይገባል። ታሪኩን ስትጽፊ የነገሩሽን ብቻ ጻፊ፤ ለውጭ ሰው የማይነገር ክፍል አለና አትወትውቺ። ማንም ያሻውን ታሪክ አይሥልም፣ በአባቱ ወይም በእናቱ ወገን መብት ያለውን እንጂ። የሥዕሉ የላይኛው ጎን የቱ ነው ብለሽ አትጨነቂ፤ ሸራው መሬት ላይ ተዘርግቶ ከየአቅጣጫው ስለሚሣል ብዙዎቹ በፈለግሽው ጎን ይሰቀላሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለገንዘብ ነው። ከሽያጩ ለሠዓሊው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ግማሽ ወይም ስድሳ በመቶ ነው፤ የቀረው ለሸራ፣ ለቀለምና ለደመወዝ ይውላል። አንዳንዱ ማዕከል ሥዕሉ እንዳለቀ ይከፍላል፣ አንዳንዱ ሲሸጥ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2010 ጀምሮ ደግሞ ሥዕሉ በጋለሪ ወይም በጨረታ በ1,000 የአውስትራሊያ ዶላርና ከዚያ በላይ ዳግም ሲሸጥ አምስት በመቶው ለሠዓሊው፣ ከሞተም በኋላ ለ70 ዓመት ለወራሾቹ እንዲደርስ ሕግ አለ። መዝገቡ የተምታታ ሥዕል ግን ባለመብቱን ማን ብሎ ይፈልገዋል? መንደር ዳር መኪና አቁሞ፣ ማዕከሉን አልፎ ለሥዕል ጥሬ ብር የሚያድል ነጋዴ ካየሽ ለቦርዱ ንገሪ እንጂ ራስሽ አትጋፈጪው።

ሠዓሊ ሲሞት ስሙ አይጠራም፣ ፎቶውም ከግድግዳና ከድረ ገጽ ይነሳል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። ለለቅሶ ማዕከሉ ሊዘጋ ስለሚችል ለገዢ ቁርጥ ያለ የመላኪያ ቀን አትስጪ።

ከመፈረምሽ በፊት ቤት እንደሚሰጡሽ፣ ፎር ዊል መኪናውን ለግልሽ መንዳት ትችዪ እንደሆነና ወደ መሬቱ ለመግባት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ማን እንደሚያወጣልሽ ጠይቂ። ሥራው ኖርዘርን ቴሪቶሪ በተባለው የአውስትራሊያ ግዛት ውስጥ ከሆነ ከሕፃናት ጋር ለመሥራት የሚጠየቀውን ኦከር ካርድ ቀድመሽ አመልክቺ። ዩንዱሙን የመሳሰሉ መንደሮች አልኮል ስለሚከለክሉ ሻንጣሽ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ጠጅም ቢሆን እንዳይገኝ።