መልስ፦ ባልገባ ዕቃ ላይ ፈርም ስባል እምነቴን እንዴት ልጠብቅ?

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። 50 ወንበር ታዝዞ 38 ብቻ መግባቱን፣ ኃላፊህ ግን ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) በ50 እንድትቆርጥ እንደጠየቀህ ጽፈሃል። ፍርሃትህ ይገባኛል። ቢሆንም አትፈርም፤ ከፈረምክ የጎደሉት 12 ወንበሮች ባንተ እጅ እንዳሉ ይቆጠራል፣ በቆጠራ ጊዜም የምትጠየቀው አንተ ነህ።

ብዙዎቻችን ድፍረት ጩኸት ይመስለናል። ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ቀስ ብለህ አንብበው። ዳንኤል በንጉሡ መብል ላለመርከስ በልቡ ቆረጠ፣ አለቃውን ግን ለመነው እንጂ አልዘለፈውም። አለቃው ሲፈራም ወደተሾመላቸው ጠባቂ ሄዶ የ10 ቀን ሙከራ ጠየቀ። ውሳኔው አልተነቃነቀም፤ አማራጭ ይዞ ቀረበ እንጂ።

አንተም ጸልየህ ኃላፊህን ብቻውን አነጋግረው። ሰው ፊት ከነገርከው ለክብሩ ሲል ይጠነክርብሃል። «ጋሼ፣ የገባውን 38 አሁኑኑ ልቁረጥ፤ ቀሪው 12 ሲመጣ በሌላ ሞዴል 19 እቀበላለሁ። ያላየሁትን ግን ተቀበልኩ ብዬ መፈረም እምነቴ አይፈቅድልኝም» በለው። እዚያ ላይ ዝም በል፤ ስብከት አትጨምር። «አሞኛል» ብለህ መቅረት ደግሞ ራሱ ውሸት ነው፣ ነገም ወረቀቱ ጠረጴዛህ ላይ ይጠብቅሃል።

ከገፋብህ በዚያው ቀን የገባውን ብዛት በማስታወሻ ጽፈህ በመዝገብ ቤት በኩል አስገባ፤ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ያዝ። ዝውውር ሊመጣብህ ስለሚችል ለባለቤትህና ለንስሐ አባትህ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አስቀድመህ ንገር፤ ብቻህን አትሸከመው።