«የሳንባ ነቀርሳ» ቲቢ ነው ወይስ ካንሰር?

ጥያቄ፦ ሐረር ውስጥ ለሕክምና ተማሪዎች አናቶሚና ህብረ ህዋስ አስተምራለሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ታካሚዎቻችን ግን እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ ተማሪዎቼን በአማርኛም እንዲያስረዱ አለማምዳቸዋለሁ። ባለፈው አንዱ ተማሪ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲል ግማሹ ክፍል ቲቢ ነው አለ፣ ግማሹ ደግሞ ካንሰር። ጋሼ፣ ነቀርሳ የየትኛው ስም ነው? «ዕጢ»ስ? ናኖ የሚባለውን አዲሱን የካንሰር ሕክምናስ በአማርኛ ምን እንበለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነካኸኝ። ነቀርሳ በጣም የምወደው ቃል ነው። እንዲህ ለሁለት ጌታ ሲገዛ ማየት ያናድደኛል።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። ታካሚ ፊት ካንሰሩን «ካንሰር»፣ ቲቢውን «ቲቢ» በሉት። «የሳንባ ነቀርሳ» የሚለውን ተዉት።

«የሳንባ ነቀርሳ» በጤና ጽሑፎቻችን የቲቢ ስም ሆኖ ኖሯል። ነቀርሳ ብቻውን ሲቆም ግን ሰው የሚረዳው ካንሰርን ነው። «ሙስና የአገር ነቀርሳ ነው» የሚል ሰው ሳል አላሰበም፤ ውስጥ ለውስጥ የሚበላ፣ ቢቆርጡት ተመልሶ የሚበቅል ክፉ ነገር ማለቱ ነው። እንግዲህ ዘርፍና ባለቤቱን እይ፤ ዘርፉ «የጡት» ወይም «የሳንባ» የሚለው ነው፣ ባለቤቱ «ነቀርሳ»። «የጡት ነቀርሳ» ስትል ካንሰር ነው፣ «የሳንባ ነቀርሳ» ስትል ቲቢ። ባለቤቱ አንድ ቃል ሆኖ ሳለ ዘርፉ ሲቀየር በሽታው ይቀየራል። ተማሪዎችህ ለሁለት መከፈላቸው አይገርምም፤ ሁለቱም ወገን ልክ ነው።

ዳፋው የሚተርፈው ለታካሚው ነው። ቲቢ በባክቴሪያ ይመጣል፤ ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን ያሳወቀው በ1882 እ.ኤ.አ. ነው። በትንፋሽ ይተላለፋል፣ የተለመደው ዓይነት በ6 ወር መድኃኒት ይድናል። ካንሰር የሚነሣው ከራሳችን ሕዋስ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው እንደ ጉንፋን አይጋባም። ታዲያ «ነቀርሳ ነው» የተባለ የቲቢ ታካሚ አበቃልኝ ብሎ መድኃኒቱን ቢተወውስ? ካንሰር የያዛትን ሴትዮ ደግሞ ጎረቤት ይጋባብኛል ብሎ ስኒ ቢለይባትስ?

ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ስም እንዴት እንደተገናኙ እኔ የሚመስለኝን ልበል። ቲቢ ቱበርኩሎሲስ ከሚለው ያጠረ ነው። ቱበርኩሉም በላቲን ትንሽ እባጭ ማለት ነው፤ በሽታው ሳንባ ላይ ትንንሽ እባጭ ስለሚያበቅል ነው ስሙን ያገኘው። ነቀርሳም የእባጭና ሥጋ የሚበላ የቁስል ስም ነው። እባጩ ላይ ተገናኙ።

ቃሉ ራሱ ከየት መጣ ለሚለው «ሥጋን ስለሚነቁር ከነቆረ የወጣ ነው» የሚሉ አሉ። አልቀበለውም። ከነቆረ ነቋሪ ይወጣል፣ ንቆራ ይወጣል፣ መንቆሪያ ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ «ሳ» የሚለጥፍ ምዕላድ (ቅጥያ) ግን አማርኛ የለውም። እኔ የማደላው ወደ ዐረብኛው «ኒቅሪስ» ነው። ነ፣ ቀ፣ ረ፣ ሰ፣ አራቱም በተራቸው አሉ። ኒቅሪስ እኮ ሪህ ነው ትለኝ ይሆናል። ነው። የበሽታ ስም ቋንቋ ሲሻገር በሽታ መቀየሩ ግን ብርቅ አይደለም፤ በአንድ ቋንቋ ውስጥ እንኳ እንደሚቀይር «የሳንባ ነቀርሳ» ምስክር ነው።

አሁን ደግሞ «ካንሰር ባዕድ ቃል ነው፣ ከአማርኛ ይውጣ» ወደሚሉት ልምጣ። ካንሰር በላቲን ሸርጣን ማለት ነው። ግሪኮቹ ካርኪኖስ ይሉታል፣ ያም ሸርጣን ነው። የጥንቱ ሐኪም ጋሌን እንዳስረዳው እባጩ ዙሪያ ያበጡት የደም ሥሮች የሸርጣን እግር ይመስላሉ። ዐረቦችም በሽታውንም እንስሳውንም «ሰረጣን» ይሉታል፤ ጀጎል ውስጥ ዐረብኛ የተማሩ ሽማግሌ ብትጠይቅ ያውቁታል። የእኛው ሸርጣንም ከዚሁ የመጣ ነው። በኮከብ ቆጠራችን ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ ካልን በኋላ አራተኛው ማን ነው? ሸርጣን። ስለዚህ የካንሰር ዘመድ በደብተሮቻችን ውስጥ ድሮም ነበር። ባዕድ ቃል ይውጣ ከተባለማ «ሐኪም»ም ዐረብ ነውና አብሮ ይውጣ፤ ማን ይፈቅዳል?

ልቤ ግን አሁንም ከነቀርሳ ጋር ነው። ለካንሰር ብቻ ቢሰጥና ቲቢ በቲቢነቱ ቢቀር እመርጥ ነበር። ክብደት አለው፣ ሲሰሙት ያስደነግጣል፣ የበሽታውን ጠባይ ይዟል። ሕዝቡ ግን ቀድሞን ሄዷል። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባቱ ሲጀመር ስሙ የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ነበር፤ እዚህ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የምትነግድ እናትም ዛሬ የምትለው ይህንኑ ነው። ደስ ባይለኝም ተቀብያለሁ።

ዕጢ ከነቀርሳም ይብሳል። ሆርሞን የሚያመነጨው ዕጢ ነው። ብብትና አንገት ላይ የሚያብጠው ሊምፍ ኖድም ዕጢ ነው። ካንሰር ሆነም አልሆነ ሰውነት ላይ የበቀለውም ዕጢ ነው። አንዲት ሴት አንገቷን ይዛ «ዕጢ ወጣብኝ» ብትል የታይሮይድ ችግር ሊሆን ይችላል፣ የዕጢ ቲቢም ሊሆን ይችላል፣ ካንሰርም እንደዚሁ። ቃሉ ምንም አይነግርህም፤ ተማሪዎችህ በእጃቸው ይዳስሱ፣ ይመርምሩ። ክፍል ውስጥ ግን ዕጢን ለመጀመሪያው ብቻ ተዉትና የበቀለውን «እባጭ» በሉት። እባጭ ለብጉንጅ ነው የሚል ይነሣብህ ይሆናል፤ ይነሣ፣ እኔ እባጭን እመርጣለሁ። ካርሲኖማና ሳርኮማን መተርጎም አያስፈልግም። የመጀመሪያው ሽፋን ከሚሠራው ኅብረ ሕዋስ፣ ሁለተኛው አካልን ከሚያያይዘውና ከሚደግፈው የሚነሣ ካንሰር ነው ማለት ይበቃል።

ናኖ ናኖ ይባል። በግሪክ ድንክ ማለት ነው። «ደቂቅ» እንበለው የሚሉ አሉ፤ ደቂቅ ግን ለማይክሮ ተይዟል፣ ናኖ ደግሞ ከማይክሮ 1,000 ጊዜ ያንሳል። ለታካሚው ስሙን ትታችሁ ሥራውን ንገሩት። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደውን ብንወስድ፣ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት 100 ናኖሜትር ገደማ በሆነች የስብ ከረጢት ውስጥ የተያዘበት ነው። «መድኃኒቱ ልብህን እንዳይጎዳ፣ በዓይን በማትታይ የስብ ከረጢት ተጠቅልሎ ነው የሚሰጥህ» ብትሉት ማን አይገባውም?

አንድ ያልጠየቅኸኝ ነገር ልጨምር። «ህብረ ህዋስ» ብለህ ጽፈሃል። ኅብረ በብዙኃኑ ኀ ነው፤ ኀበረ ማለት ተባበረ፣ አንድ ሆነ ነው፣ ኅብረትም ከዚያ ይወጣል። ሕዋስ በሐመሩ ሐ ነው፣ ከዐረብኛው «ሐዋስ»፣ የስሜት ሕዋሳት ከምንለው። አምስቱ ሕዋሳት ሲባል ማየት መስማቱ ማለት ነበር፤ የሰውነት ቅንጣት ስም የሆነው በኋላ ነው። የግዕዝ ሊቁ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ እዚሁ ድሬዳዋ ተቀምጠው ስለ ሆሄያት ልዩነት ብዙ ደክመዋል፤ መዝገበ ቃላታቸው የታተመው ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም. ነው። እሳቸው በደከሙበት ከተማ ሁለቱን ፊደላት በሃሌታው ሀ ጨፍልቆ መጻፍ ይከብደኛል። ጋዜጣውም ስልኩም «ህብረ ህዋስ» እያለ ስለሚጽፍ ከተማሪ ላይ ነጥብ አትቀንስ። በምታስተምርበት ስላይድ ላይ ግን «ኅብረ ሕዋስ» አድርግልኝ።