በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በሜታል ዲቴክተር ስለ መፈለግ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጤና ይስጥልኝ። በሕዝብ የባሕር ዳርቻዎች ላይ በሜታል ዲቴክተር፣ ማለትም የተቀበረ ብረትን በድምፅ በሚጠቁም መሣሪያ፣ ስለ መፈለግ የሚያሳስባችሁን ሁሉ እንድትጠይቁኝ ጋብዤ ስለነበር፣ የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ በየተራ እመልሳለሁ። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ብቆይም የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ስለዚህ የአንድን አገር ሕግ በምሳሌነት ስጠቅስ የሚሠራው ለዚያው አገር ብቻ መሆኑን ልብ እንድትሉልኝ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ማንም ሰው ያለ ክልከላ በሚገባበት ዳርቻ ላይ ለመፈለግ ፈቃድ የሚያስፈልገኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ለሕዝብ ክፍት መሆንና ባለቤት አልባ መሆን የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው። በአሸዋው ላይ የመራመድና በባሕሩ የመዋኘት መብት ቢኖርዎትም፣ መሬቱን ቆፍሮ ከውስጡ የወጣውን ይዞ የመሄድ መብት ግን ለብቻው የሚታይ ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ባሕሩ ሲሞላ በሚደርስበትና ሲሸሽ በሚቆምበት መስመር መካከል ካለው መሬት ግማሽ ያህሉን የሚያስተዳድረው ክራውን ኢስቴት የተባለው ተቋም ሲሆን፣ የቀረው በአካባቢ መስተዳድሮች፣ በወደቦችና በግለሰቦች እጅ ነው። ለንደን ውስጥ በቴምዝ ወንዝ ዳር ለመፈለግ ደግሞ የወደቡ ባለሥልጣን የሚሰጠው ፈቃድ የግድ ያስፈልጋል። በፈረንሳይ ከ1989 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት ለታሪክ ወይም ለአርኪዮሎጂ የሚጠቅሙ ቅርሶችን በዚህ መሣሪያ መፈለግ ያለ አስተዳደር ፈቃድ አይቻልም፤ የአየርላንድም ሕግ እንደዚሁ ጥብቅ ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ ሁኔታው ይበልጥ ያደናግራል። በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ባሉ ዳርቻዎች፣ ኬፕ ሃተራስን በመሳሰሉት ማለት ነው፣ መሣሪያውን መጠቀም ቀርቶ ታሽጎ ካልተቀመጠ በቀር ይዞ መገኘት ራሱ ክልክል ነው። ከዚያ ወሰን ውጭ ያለው የከተማ ወይም የካውንቲ ዳርቻ ግን የራሱ ደንብ አለው፤ ሊፈቅድም፣ ሰዓት ሊወስንም፣ ፈጽሞ ሊከለክልም ይችላል። አሸዋው ያው አሸዋ ስለሆነ ወሰኑ ለዓይን አይታይም። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ሳላውቅ ወደ ተከለለ ቦታ ተሻግሬ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ በትሕትና መልሶኛል። በዚያ ቀን ያፈርኩትን ስለማልረሳው፣ ከዚያ ወዲህ የቦታውን ካርታ ሳላይ ከቤት አልወጣም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማንን ልጠይቅ?

መልስ፦ ዳርቻውን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። «ሰዎች ሲፈልጉ አይቻለሁ» የሚል ምክንያት በማንም ፊት አያቆምም።

ጥያቄ፦ ያገኘሁት ነገር የእኔ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ በጥንቃቄ መመለስ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአሸዋ ውስጥ የሚገኙ ነገሮች በሕግ ፊት ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው በቅርብ ጊዜ ከሰው የጠፋ ንብረት ነው። ትናንት ከዋናተኛ ጣት ላይ የወለቀ ቀለበት ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ምናልባት እያለቀሰ እየፈለገው ይሆናል። በብዙ አገሮች እንዲህ ያለውን ነገር ለፖሊስ ወይም ለሚመለከተው ቢሮ ማስመዝገብ ግዴታ ሲሆን፣ ባለቤቱ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ካልቀረበ ለአግኚው የሚመለስበት ሥርዓትም አለ። በቀለበቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተቀረጸ ስምና ቀን መኖሩን ሳያዩ ወደ ኪስዎ አይክተቱት። እኔ በዚህ መንገድ የጋብቻ ቀለበቶችን ለባለቤቶቻቸው መልሻለሁ፤ ካገኘኋቸው ሳንቲሞች ሁሉ የዚያ ደስታ ይበልጥብኛል።

ሁለተኛው ጥንታዊ ቅርስ ነው። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ በሚሠራው የ1996 የውድ ሀብት አዋጅ መሠረት፣ ከ300 ዓመት በላይ የቆየና ከክብደቱ ቢያንስ 10 በመቶው ወርቅ ወይም ብር የሆነ ጌጥና መሰል ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ አብረው የተገኙ ጥንታዊ ሳንቲሞችንም ሕጉ በራሳቸው መመዘኛ ይመለከታቸዋል። የስኮትላንድ ሕግ ደግሞ በይዘቱ የተለየ ነው፤ እዚያ የከበረ ማዕድን ባይሆንም ባለቤት የሌለው ጥንታዊ ግኝት በመሠረቱ የዘውዱ፣ ማለትም የመንግሥት ነው።

ሦስተኛው ከሰጠመ መርከብ የወጣ ነገር ነው። በፍሎሪዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ በ1715 በአውሎ ነፋስ ከጠፉት የስፔን መርከቦች የሚወጡ የብርና የወርቅ ሳንቲሞች እስከ ዛሬ ድረስ ከማዕበል በኋላ አልፎ አልፎ ዳርቻ ላይ ይታያሉ፤ ይህም ብዙ ሰው ወደዚያ እንዲጎርፍ ያደርጋል። ሆኖም በባሕሩ ውስጥ ያለው የመርከብ ፍርስራሽ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ፣ ደረቅ ዳርቻ ላይ የሚፈቀደው ነገር ውኃ ውስጥ አይፈቀድም። በብሪታንያ ከመርከብ ስብርባሪ የተገኘ ማናቸውም ዕቃ፣ ዋጋው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ በ28 ቀን ውስጥ ለዚሁ ለተሾመው ባለሥልጣን ይነገራል። በ2001 የጸደቀው የዩኔስኮ ስምምነትም ቢያንስ 100 ዓመት ውኃ ውስጥ የቆዩ የሰው ልጅ ሥራ አሻራዎችን እንደ ቅርስ ቆጥሮ ለንግድ እንዳይበዘበዙ ይደነግጋል።

ጥያቄ፦ መሣሪያዬ በደረቁ አሸዋ ላይ በደንብ ይሠራል፤ ውኃው አጠገብ ስደርስ ግን ያለማቋረጥ ይጮኻል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። ባየው ነገር ሁሉ እየደነገጠ የሚጮኽ ጠባቂ ዓይነት ነው ብለው ያስቡት፤ ያየው እውነተኛ ነገር ነው፤ ነገር ግን እርስዎ የፈለጉት አይደለም። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ከታች ባለው ክብ ጥቅል ሽቦ አማካይነት ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካሉ፤ መስኩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ሲያገኝ በዚያ ነገር ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ዙር ይፈጠራል፤ መሣሪያው የሚሰማው የዚያን ዙር መልስ ነው። ጨዋማ ውኃ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ በባሕር ውኃ የራሰ አሸዋ ለመሣሪያው እንደ አንድ ሰፊና ደካማ ብረት ይታየዋል።

በአንድ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ካለዎት ሊያደርጉ የሚችሉት ደካማ ምልክት የማንሣት አቅሙን (ሴንሲቲቪቲውን) ዝቅ ማድረግ፣ የመሬቱን የራሱን ምልክት የሚያመጣጥነውን ቁልፍ በዚያው በእርጥቡ አሸዋ ላይ እንደ አዲስ ማስተካከልና ሽቦውን ከመሬት በእኩል ከፍታ ማወዛወዝ ነው፤ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ካለ ጩኸቱ ይባባሳል። በአንድ ጊዜ በብዙ ድግግሞሽ የሚሠሩ መሣሪያዎች የጨዉን መልስ ከብረቱ መልስ አነጻጽረው ሊቀንሱት ስለሚችሉ ለባሕር ዳርቻ የተሻሉ ናቸው። በአጭር የኃይል ምት የሚሠሩት ደግሞ ለጨውም ሆነ ማግኔታይት የተባለው መግነጢሳዊ የብረት ማዕድን ለሞላው ጥቁር አሸዋ ብዙም አይበገሩም፤ ጉድለታቸው ሚስማርን ከወርቅ ለይተው አለመናገራቸው ነው፤ ሁሉንም መቆፈር ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ የመጠጥ ጣሳ መክፈቻዎች አሰልችተውኛል። መሣሪያው እነሱን እንዲያልፋቸው ባደርግስ?

መልስ፦ አልመክርዎትም። የአሉሚኒየም መክፈቻና ብዙ የወርቅ ቀለበቶች ለመሣሪያው የሚሰጡት መልስ ተቀራራቢ ነው፤ ቀጫጭን የወርቅ ጌጦች እንዲያውም ከሲጋራ ፓኮ የአሉሚኒየም ፎይል ብጣሽ ጋር ይመሳሰላሉ። መክፈቻውን ሲያሳልፉ ቀለበቱንም ያሳልፋሉ። ቆሻሻውን ቆፍሮ በከረጢት መያዝ ደግሞ በራሱ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ በባዶ እግር የሚሮጡ ሕፃናት የሚረግጡት ያንኑ ስለት ነው።

ጥያቄ፦ የትኛው ሰዓት ይሻላል?

መልስ፦ ባሕሩ የሚሸሽበት ሰዓት ነው። በአብዛኛው ጠረፍ ባሕሩ ከሞላ በኋላ ዳግመኛ እስኪሞላ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሽሽቱ ከወትሮው ስለሚርቅ፣ በሌላ ቀን ውኃ የሚሸፍነው አሸዋ ይገለጣል። ሽሽቱ ከማብቃቱ ሁለት ሰዓት ቀድመው ደርሰው ውኃውን ተከትለው ይውረዱ፤ ሲመለስም ቀድመውት ይውጡ። ማዳመጫ ጆሮ ላይ አድርጎ ያጎነበሰ ሰው ከኋላው የሚመጣውን ውኃ አይሰማም።

ከከባድ ማዕበል በኋላ ያለው ጊዜም ጥሩ ነው። ወርቅና እርሳስ ከአሸዋ ቅንጣት እጅግ ስለሚከብዱ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰመጡ ጠንካራው የሸክላ ወይም የጠጠር ንጣፍ ላይ ይቆማሉ፤ ማዕበሉ የላይኛውን አሸዋ ጠርጎ ሲወስድ ያ ንጣፍ ይቀርባል። በተቃራኒው መስተዳድሩ ከባሕር ወለል አሸዋ አምጥቶ ዳርቻውን በቅርቡ ከሞላው፣ የቆየው ሁሉ መሣሪያው ከማይደርስበት በታች ስለተቀበረ ድካምዎን ይቆጥቡ።

ጥያቄ፦ ጉድጓዱን ባልደፍነው ማዕበሉ አይደፍነውም?

መልስ፦ እስኪደፍነው ድረስ ሰው እግሩን ይሰብርበታል። እያንዳንዱን ጉድጓድ ወዲያውኑ ይድፈኑ። የባሕር ኤሊዎች እንቁላል በሚጥሉባቸው ዳርቻዎች ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል፤ በፍሎሪዳ ከማርች 1 እስከ ኦክቶበር 31 ባለው የመራቢያ ወቅት ክፍት የቀረ ጉድጓድ ለእናቲቱም ለጫጩቶቹም ወጥመድ ይሆናል። ምልክት ከተደረገበት ጎጆ መራቅ፣ የአሸዋ ክምሮችንና በላያቸው ያለውን ሣር አለመንካት፣ አሸዋ ላይ ከሚጥሉ ወፎች መራቅም የዚሁ ግዴታ አካል ነው።

ጥያቄ፦ ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ነገር ባገኝስ?

መልስ፦ መቆፈርዎን ያቁሙ፤ አይንኩት፤ አያንቀሳቅሱት። ቦታውን ከርቀት በሚታይ ነገር አመልክተው፣ በአካባቢው ያሉ ሰዎችን አርቀው ፖሊስ ይጥሩ። ዝገት የበላው ፈንጂ አቅሙን አጥቷል ማለት አይደለም። በጀርመን የባልቲክ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ነጭ ፎስፈረስ የተባለ ተቀጣጣይ ኬሚካል አምበር የተባለውን ለጌጥ የሚፈለግ የጥንት ዛፍ ሙጫ መስሎ እየታየ ሰዎች አንስተው ኪሳቸው ከከተቱት በኋላ ሲደርቅና ሲሞቅ በራሱ ተቀጣጥሎ ክፉኛ አቃጥሏቸዋል። በዚያ አካባቢ ከአሸዋ የተነሣ ነገር የሚቀመጠው ከሰውነት በራቀ የብረት ዕቃ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ወጪውን የሚመልስ ሥራ ነው?

መልስ፦ አይደለም ብል ይሻላል። አብዛኛው ቀን የሚያልቀው በጠርሙስ ክዳን፣ በዓሣ ማጥመጃ እርሳስና በጥቂት ዘመናዊ ሳንቲሞች ነው። ትርፍ ፈልጎ የገባ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ የባሰው ደግሞ ሕጉን መተላለፍ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ አንድ ጥቁር ያረጀ ሳንቲም አገኘሁ። በምን ላጽዳው?

መልስ፦ ምንም አያድርጉት። ብር በባሕር ውስጥ ስለሚጠቁር ጥቁረቱ ብር መሆኑን ሊጠቁም ይችላል፤ ነገር ግን መፈግፈግም ሆነ አሲድ መንከር ጽሑፉንና ምስሉን አብሮ ያነሣል፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። በንጹሕ ውኃ እርጥበቱን ጠብቀው በትንሽ ዕቃ ያስቀምጡት፤ የተገኘበትን ቦታ፣ ጥልቀትና ቀን ይጻፉ፤ ከዚያም በአቅራቢያዎ ለሚገኝ ሙዚየም ባለሙያ ያሳዩት።