መልስ፦ የጥሊሊ ዶሮዎቼን በኮኮክ ባዳቅል ዘሩ ይጠፋብኛል?

ወንድም ዓለም፣ ሁሉንም ካዳቀልክ አዎ፣ ያገር ዶሮው ጥሊሊ ይጠፋል። ኮኮክ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የወጣ ገብስማ የዶሮ ዝርያ ነው። የመጀመሪያው ዲቃላ ያምራል፣ እንቁላልም አይነፍግም። ዲቃላዎቹን እርስ በርስ ስታራባ ግን ጫጩቱ ዝብርቅርቁ ይወጣል።

እኔ ብሆን ምርጥ ምርጦቹን ሴቶች ከ2 የጥሊሊ አውራ ጋር ለብቻ አጥራለሁ። ኮኮኩ ቀድሞ ከነካቸው፣ ከለየሃቸው በኋላ 3 ሳምንት የሚጥሉትን ለወጥ አድርገው እንጂ አታስታቅፍ። የኮኮኩ አውራ ዘር ሆዳቸው ውስጥ ይቆያል። ዶሮዎችህ ገብስማ ካልሆኑና ገብስማ ጫጩት ብቅ ካለ፣ ኮኮኩ አጥር ዘሏል ማለት ነው!

ደግሞ ያገር ዶሮ በራሱም ይሻሻላል። ሆሮ የሚባለውን ያገር ዶሮ ተመራማሪዎች ደብረ ዘይት ላይ በየትውልዱ እየመረጡ እንቁላሉንም ክብደቱንም ጨምረዋል። እኛ ተቃራኒውን ነው የምንሠራው። ግዙፉን አውራ ለፋሲካ አርደን በኮሳሳው እናራባለን።

አውራውን በየጊዜው ከሌላ ቀበሌ ቀይር፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ። የመጣውን ግን ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻው አቆየው። እኔ አንዴ ቸኩዬ ከቅዳሜ ገበያ ያመጣሁትን ቀጥታ ቀላቀልኩ። ፈንግል ገባና ከ14 ዶሮ አንዲት ቄብ ብቻ ተረፈችኝ።