ዊንዶውስ 3.1 በዛሬ ላፕቶፕ ላይ፦ ጥያቄና መልስ

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን ዊንዶውስ 3.1 ኢሙሌተር በሚባለው አስመሳይ ፕሮግራም እንደማስነሣ የሰሙ የሰሜን ሸዋ ወዳጆች ጥያቄያቸውን እንዲልኩ ጋብዤ ነበር። እነሆ መልሴ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ይህን ያህል ያረጀ ነገር ማስነሣት ምን ይጠቅማል?

ለጨዋታ ብቻ ቢሆንም አላፍርበትም። እኔን የያዘኝ ግን የአማርኛ ጽሑፍ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ ፊደሉን በላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ በራሱ ፈቃድ ይደለድል ነበር። አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ምልክት ይይዛል፤ ዩኒኮድ ግን ገና ሲጀምር ለግዕዝ ፊደል 345 መድቧል። ስለዚህ ፊደሉን ለብዙ ፎንቶች ማከፋፈል ግድ ነበር። የዚያን ዘመን ፋይል ዛሬ ስትከፍተው የላቲን ዝብርቅርቅ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ ከኢሙሌተሮቹ ዶስቦክስ ይሻለኛል ወይስ 86ቦክስ?

ለ3.1 ዶስቦክስ ይበቃል። ዊንዶውስ 3.1 የሚነሣበት አሮጌው ሲስተም፣ ዶስ፣ አብሮት አለ፤ የዊንዶውሱን ዲስኬቶች ወደ አንድ ፎልደር ገልብጠህ መጫኛውን ሴትአፕ ማስነሣት ብቻ ነው። 86ቦክስ ባዮሱን (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም) ሳይቀር መላውን ማሽን ስለሚያስመስል ለዊንዶውስ 95 ይመረጣል፤ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ግን ፔንቲየም የሚባለውን የዚያን ዘመን ፕሮሰሰር ማስመሰል ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ከሸዋ ሮቢት፦ በሕግ አያስጠይቅም?

ኢሙሌተሮቹ ነፃ ናቸው። ማይክሮሶፍት የዶስ 1.25ንና 2.0ን ምንጭ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የ4.00ን እ.ኤ.አ. በ2024 ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት በሚፈቅደው የኤምአይቲ ፈቃድ ለቋል። ዊንዶውስ 3.1ን ግን አልለቀቀም፤ የገዛኸው ዲስኬት ካለህ እሱን ተጠቀም። «ማን ይፈልገዋል» ማለት ፈቃድ አይሆንም። ዶስ ብቻ ከበቃህ በዶስ ፈንታ የሚሠራው ነፃው ፍሪዶስ አለልህ።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ አባቴ በ3.1 የጻፉት የእድር መዝገብ በዲስኬት አለ። አንዳንዶቹ ሻግተዋል።

የጣርማ በር ጉም ዲስኬትም አይምርም። የሻገተውን ማንበቢያ ውስጥ አታስገቢ፤ ሻጋታው የማንበቢያውን ራስ ያቆሽሽና ቀጥሎ የሚገባውን ንጹሕ ዲስኬት ይጭራል። ንጹሖቹን በዩኤስቢ ማንበቢያ አስገብተሽ እያንዳንዱን ዲስኬት እንዳለ ወደ አንድ ምስል ፋይል (የዲስኬቱ ሙሉ ቅጂ) ገልብጪ፤ 1.44 ሜጋባይት ቢሆን ነው።

አሁን ግን ቤቱን ሁሉ አገላብጠሽ መፈለግ ያለብሽ የፎንቱን ዲስኬት ነው። ሰው መዝገቡን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀምጥና ፎንቱን ይጥላል። ያለ ትክክለኛው ፎንት ኢሙሌተሩም የሚያሳይሽ ያንኑ ዝብርቅርቅ ነው። ካገኘሽው ዊንዶውሱ ውስጥ ጫኚው፣ መዝገቡን ክፈቺ፣ እያንዳንዱን ገጽ ዶስቦክስ ላይ በኮንትሮልና በኤፍ5 ፎቶ አንሺ። ከዚያ በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ነው። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፤ የእድር መዝገብ ግን ስምና ገንዘብ ስለሆነ እኔ ብሆን ከፎቶው ጋር መስመር በመስመር ሳላመሳክር አላምናቸውም።

ከዓለም ከተማ፦ መብራት ድንገት ቢጠፋስ?

86ቦክስ ላይ የሲስተሙ ሃርድ ዲስክ አንድ ፋይል ነው፤ እየጻፈ ሳለ ከተቋረጠ ሊበላሽ ይችላል። ሥራ ስትጨርስ ሲስተሙን ዘግተህ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጥ።

ከአንኮበር፦ ዶስቦክስ ውስጥ ማውሱ ታስሮ አልወጣ አለኝ።

ኮንትሮልና ኤፍ10።