የፅንስን አጥንት መመርመር ድፍረት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። ካገባን ብዙም አልቆየንም፤ ልጅ ለመውለድ እየተዘጋጀን ነው። ጤና ጣቢያ ሄጄ የፅንስ አጥንት እንዴት እንደሚሠራ አስረዱኝ። ከመፀነሴ በፊት ጀምሬ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን የቫይታሚን ኪኒን እንድወስድም ነገሩኝ። ባለቤቴ ግን መክብብ 11፥5ን ጠቅሶ «አጥንት በእርጉዝ ሆድ እንዴት እንደሚሠራ አታውቅም ተብሏል። ይህን መመርመር ድፍረት ነው፤ ኪኒኑም እምነት ማጣት ነው» አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ስለ ጸሎቱም ስለ ጠበሉም ሁለታችሁም የምታውቁትን አልደግምም። ባለቤትሽ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው እንደሆነ ከንግግሩ ይታያል። ጥቅሷን ግን ከመሀል ነጥሎ ነው ያነበባት። ይህን ስሕተት ብዙ ቤት ውስጥ አይቼዋለሁ፤ እናቶችንም ሕፃናትንም ጎድቷል።

እስቲ ከአንድ ቁጥር በፊትና በኋላ ያለውን አብራችሁ አንብቡት። በቁጥር 4 ነፋስን የሚጠባበቅ አይዘራም ይላል። በቁጥር 6 ደግሞ በማለዳ ዘርህን ዝራ፣ በማታም እጅህን አትተው ይላል። መሀል ላይ ያለችው «አታውቅም» ታዲያ ሥራ የምታስፈታ ናት? በፍጹም! ጠቢቡ የሚለው የእግዚአብሔርን ሥራ እስከ ጫፉ ስለማታውቅ የድርሻህን ሥራ፣ ውጤቱን ለእርሱ ተው ነው። ገበሬው ዝናቡን አያዘንብም፤ ዘሩን ግን ጎተራ ውስጥ አያስቀምጥም።

ደግሞስ ሐኪሞቹ ያሳዩሽ ምንድን ነው? ከተፀነሰ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አካባቢ በፅንሱ ጀርባ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚደረደሩ ትንንሽ እብጠቶች ይታያሉ። አከርካሪውና የጎን አጥንቱ የሚመጡት ከእነርሱ ነው። በአራተኛው ሳምንት እጅና እግር እንደ እምቡጥ ብቅ ይላሉ። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ የብዙው አጥንት ቅርጽ በልም አጥንት ይሠራል፤ ጆሮሽን ስትይዢው እንደሚታጠፈው ያለ ማለት ነው። ከዚያ የደም ሥሮች ይገቡበታል፣ አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳትም ይመጣሉ፣ ልሙም ቀስ በቀስ በጠንካራ አጥንት ይተካል። የራስ ቅል ጠፍጣፋ አጥንቶች ግን ልም አጥንት ሳይሆኑ ከስስ ሽፋን በቀጥታ ይሠራሉ። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት እናቶቻችን እርግብግቢት የሚሉት ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ቅሉ እንዲተጣጠፍ፣ በኋላም አንጎሉ ሲያድግ ቦታ እንዲያገኝ ነው ክፍት የሆነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ከአንገት ሥር ከትከሻ ወደ ደረት የሚሄደው አጥንት ነው። በሰባተኛው ሳምንት ገደማ ከሁሉ ቀድሞ ከሚጠነክሩት ነው። ሥራው ፈጽሞ የሚያልቀው ግን ሰውየው ሃያዎቹን አጋምሶ ነው! ሕፃን 300 ያህል የአጥንት ክፍሎች ይዞ ይወለዳል፤ ብዙዎቹ እየተጋጠሙ በአዋቂ ላይ 206 ይሆናሉ። ዳዊት በመዝሙር 138 በስውር ሲሠራ አጥንቱ ከእግዚአብሔር እንዳልተሰወረ ይናገራል። ይህን ሁሉ ሰምቶ ያንን መዝሙር የሚደግም ሰው ምስጋናው ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ሳምንቱን ስለቆጠርነው ሠሪው አልተለወጠም።

አሁን ወደ ኪኒኑ። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚወጡበት ቱቦ በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ያኔ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። በታች በኩል ሳይዘጋ ከቀረ በላዩ መግጠም ያለበት የአከርካሪ አጥንትም ክፍት ይቀራል፤ ልጁ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ይወለዳል። ከመፀነስ በፊት የሚጀመር ፎሊክ አሲድ ይህን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ለአብዛኛዋ ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም ይበቃል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ለወለደች ሐኪም ከፍ ያለ መጠን ያዝዛል። «ካረገዝኩ በኋላ እጀምራለሁ» ማለት የሚያዘገየው ለዚህ ነው።

ኪኒኑ ሁሉንም አያስቀርም። እየወሰደችም እንዲህ ያለ ልጅ የምትወልድ እናት አለች። ይህን የምናገረው ጠበቅ አድርጌ ነው፦ እርሷን «ምን ኃጢአት ሠርታ ነው?» የሚል ሰው አፉን ይዝጋ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ጌታ እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት እንዳልሠሩ መልሶላቸዋል፤ ዮሐንስ 9፥3። ልጅዋን ከጎረቤት ወሬ ሸሽጋ ቤት ያስቀመጠች እናት ካለች ፈጥና ሐኪም ቤት ትውሰደው። በቀዶ ሕክምና የሚዘጋ ነው፤ መዘግየት ይጎዳዋል።

እንግዲህ እኅቴ፣ ኪኒኑን ከዛሬ ጀምሪ። ባለቤትሽን አትሟገቺው፤ ከመክብብ 11 ከቁጥር 4 እስከ 6 አብራችሁ አንብቡ። ካልተስማማችሁ ሁለታችሁም ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። በጾም ቀን ስለ መውሰዱም እርሳቸውን ጠይቂ። በቀን አንዴ ብቻ ስለሆነ ማታ ከእራት በኋላ ብትወስጂው ይሆናል።