ዝቅተኛውን ነጥብ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የሕግ ባለሙያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ አለቆቼ በሙሉ የሌላ እምነት ተከታዮች ናቸው። እንዲያምኑኝ ከራሴ ሰዎች ትንሽ ልራቅ?» አለችኝ። ወሬ ቀየርኩባት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እኔ ካቶሊክ ነኝ። እኛ አገር ጥቂት ነን። በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የዕድገት ኮሚቴ አባል ሆንኩ። ለአንድ የክፍል ኃላፊነት ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ አንደኛው እሱ ነበር። ረቂቅ ሲጽፍ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አይስትም። ወደ ስብሰባው ስንገባ አንዱ አባል እየሳቀ «አንተማ ለማን እንደምትሰጥ እናውቃለን» አለኝ። ቀልድ ነው። የእኔ ጆሮ ግን ጋለ። ከአምስታችን ለእሱ ዝቅተኛውን ነጥብ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። 61። በአማካይ በ2 ነጥብ ተበልጦ ወደቀ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ተገናኘን። «ባይሳካም አንተ እዚያ መኖርህ ደስ ብሎኛል» አለኝ። ያን ቀን ቅዳሴው እንዴት እንዳለቀ አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ ለሥልጠና ጀርመን ሄድኩ። ኮብሌንዝ ከተማ ከራይን ወንዝ ማዶ ኤረንብራይትሽታይን የሚባል ትልቅ ምሽግ አለ። ክሎድቪግ ሆሄንሎሄ የሚባል ካቶሊክ ልዑል የመንግሥት ሥራ የጀመረው በዚያ ሰፈር ፍርድ ቤት፣ በተለማማጅነት ነው። ልዑል ሆኖ ከታች ጀመረ! እናንተ ስድስት ወር ሠርታችሁ «ዕድገቴ ለምን ዘገየ» ትላላችሁ።

አባቱ ካቶሊክ፣ እናቱ ፕሮቴስታንት ነበሩ። ወንዶቹ በአባታቸው፣ ሴቶቹ በእናታቸው እምነት አደጉ። አንዱ ወንድሙ ካርዲናል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1871 ጀርመን አንድ ስትሆን ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ካቶሊክ ነበር። መራኄ መንግሥቱ (ጠቅላይ ሚኒስትር እንደማለት ነው) ቢስማርክ ግን አላመናቸውም፤ ጆሯቸው ሮም ነው ብሎ ነው። በዚያው ዓመት የትልቋ የጀርመን ግዛት የፕሩሲያ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስቴሩ የነበረውን የካቶሊኮች ክፍል ዘጋ። በ1872 ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር የሚያግድ ሕግ ወጣ። እነሱን እኛም ከሱስንዮስ ዘመን እናውቃቸዋለን፤ ለማንኛውም ሆሄንሎሄ የምክር ቤት አባል ነበርና ሕጉን ደገፈ።

በ1874 ፓሪስ አምባሳደር ሆነ። በ1885 ጀርመን ከፈረንሳይ የወሰደቻቸው የአልሳስና ሎሬን አገረ ገዥ። በ1894 ደግሞ በ75 ዓመቱ መራኄ መንግሥት ሆነ፤ በዚያ ወንበር የተቀመጠ የመጀመሪያው ካቶሊክ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ካይዘር ዊልሄልም «አጎቴ ክሎድቪግ» ይለው ነበር።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ «ልክ እንደኔ!» አልኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን አይደለም። በ1869 ያኔ ራሷን የቻለች የጀርመን አገር የነበረችው የባቫሪያ መንግሥት መሪ ሳለ፣ የሮሙ ጳጳስ በእምነት ትምህርት አይሳሳቱም የሚለው ትምህርት እንዳይጸድቅ ለአውሮፓ መንግሥታት ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የአገሩ ካቶሊኮች ተነሱበትና በ1870 ሥልጣኑን ለቀቀ። ስለዚህ በ1872ም ያመነበትን አድርጎ ይሆናል። እኔ ያመንኩበትን አላደረግኩም። ደግሞ እሱ ልዑል ነው። ለተራ ካቶሊክ ጸሐፊ ያ በር እንዲህ ወለል ብሎ አልተከፈተም።

ሰዓት አክብሩ፣ ቋንቋ ተማሩ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ። ለልጅቷ ግን መልሴ፣ አትራቂ ነው። ደግሞ ምሳ ከራስሽ ሰዎች ጋር ብቻ አትብዪ። ይጋጫል አይደል? ይጋጭ። አንድ ቀን አንቺም ኮሚቴ ውስጥ ትቀመጫለሽ፤ አጠገብሽ ያለው ሰውም ይስቃል። ያኔ እስክሪብቶውን አስቀምጪና ትንሽ ውጪ ወጥተሽ ተመለሺ።

የኢየሱሳውያኑ ሕግ በ1917 ተሰረዘ፤ ልዑሉ ከሞተ 16 ዓመት ሆኖት ነበር። ባልደረባዬም አርፏል። የነጥብ ወረቀቱ እስካሁን መዝገብ ቤት ነው። በእጅ ጽሑፌ 61 ይላል።